በአንድ ጣት የሚሄድ መሳቢያ

«ከሲናኒያ መንደር የተዳረችው ልጅ መሳቢያዋ ጮኸባት አሉ። ዕቃዋ ከቀትር በፊት ተመልሶ መኪና ላይ ተጫነ አሉ።»

ኡም ሐሰነይን ይህን ወሬ ያላራገፈችበት ደጃፍ የለም። ዳቦ ስትገዛ ታወራዋለች፣ ልብስ ስታሰጣ ታወራዋለች፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ እያጠራትም ታወራዋለች። በየጊዜውም ትንሽ ቅመም ጣል ታደርግበታለች። መጀመሪያ መሳቢያው ጮኸ ብቻ ነበር። ሰነባብቶ የሙሽራውን እናት ጣት ቆነጠጠ። አሁን በቅርቡ ደግሞ ጭራሽ ከነአንሶላው ወጥቶ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ልጅቷ ማን ትባላለች አክስቴ?» ትላታለች ለመዳር የተቃረበችው ጎረቤቷ ራውያ።

«ስም መጥራት ነውር ነው። የሰው ልጅ ናት።»

«ስም የላትም፣ አባት የላትም፣ ያላት መሳቢያ ብቻ ነው። ምስኪን!»

«ሳቂ አንቺ! በካርቶን የታሸገ ትዳር ይዘሽ ስትገቢ እናያለን።»

ራውያ ለሁሉም መልስ አላትና ለዚህም አታጣም። ኡም ሐሰነይን ፊቷን ስታዞር ግን ሳቁ ከንፈሯ ላይ ይደርቃል።

ዱምያጥ ውስጥ በመሳቢያ አይቀለድማ። እዚህ ከተማ አናጢ ያልሆነ ሰው የአናጢ ዘመድ ነው፤ ሕፃን ተወልዶ መጀመሪያ የሚያስነጥሰው ሰጋቱራ ነው። ሠርግ ሲቃረብ የሙሽራው ወገን ሴቶች የተጋቢዎቹን ቤት ሊያዩ ይመጣሉ። ዕቃው ሁሉ በየቦታው ተነጥፎና ተዘርግቶ የሚታይበት ቀን ነው፤ ፈርሽ ይሉታል። የሌላ ከተማ ሴቶች በዚያን ቀን መጋረጃውን ያያሉ፣ ብርድ ልብሱን ይዳብሳሉ። የዱምያጥ ሴት እጅ ግን ቀጥ ብሎ ወደ መሳቢያ ነው የሚሄደው። ትከፍተዋለች፣ ትዘጋዋለች፣ ጆሮዋን ታቆማለች። እዚያው ምንም አትልም። የምትለውን ደረጃውን ወርዳ ነው የምትለው።

የራውያ አባት ደግሞ እንዲያው ተራ ሰው አልነበረም። በዚህ ከተማ መሮ የጨበጠ ሁሉ «ኡስታ» ይባላል፤ «ኡስታው» ብቻ ከተባለ ግን በድራን ነው። የፈለፈለው ጽጌረዳ ላይ ንብ ሲያርፍ አየሁ ብሎ የሚምል ሽማግሌ ገበያው ውስጥ አለ። መሳቢያዎቹማ ሌላ ተረት ናቸው፤ አንዱን ስትዘጋው በውስጥ የታፈነው አየር ጎረቤቱን በቀስታ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሰዎች ለሻይ ሲመጡ መሳቢያ ከፍተው ዘግተው፣ «ሱብሓነላህ» ብለው ነበር የሚሄዱት።

ታዲያ ያ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መሮው አንድ ቀን ከጽጌረዳው ወደ መዳፉ ዘለለ። ኡስታ በድራን ደሙን በጨርቅ አሰረ፣ መሣሪያዎቹን በዘይት ወለወለ፣ የሱቁን በር ዘጋ፤ ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር ቃል አልተነፈሰም።

የመኝታ ቤት ዕቃ ደግሞ ከሙሽራዪቱ አባት ነው የሚጠበቀው። ከሌላ ኡስታ እንግዛ ቢባል እሱ ሞቶ ነው። «በልጄ ቤት የሌላ ሰው ጽጌረዳ ከሚበቅል፣ ሰሌን ላይ ትተኛ!» አለ። ራውያ በማጠፊያና በእጀታ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ናት፤ ከአናጢዎች ጋር ስትከራከር የምትውል፣ ማንም ሳያስተምራት ቪቴን በክብደቱ የምትለይ ልጅ ናት። አሰበችበት። የሌላ ኡስታ ሥራ አባቷን የሚገድለው ከሆነ፣ ማንም ኡስታ ያልነካውን ዕቃ መረጠች። ቁርጥራጩ በካርቶን ታሽጎ የሚመጣ፣ ቤት ውስጥ የሚገጣጠም፣ ከተጨመቀ ሰጋቱራ የተሠራ።

አባቷን ለማትረፍ ነበር። እሱ ግን ካርቶኖቹን ባየ ቀን ፊቱ እንደ ሙጫ ረጋ። ከዚያ ወዲህ የሚያናግራት ስለ ሻይና ስለ በር ቁልፍ ብቻ ነው።

አልጋው ተገጠመ፣ ቁም ሣጥኑም ቆመ። የፈርሹ ዋዜማ ከቀትር በኋላ የቀረው መሳቢያ በመሳቢያ የሆነው ትልቁ ኮመዲኖ ነበር። ራውያ በአዲሱ ቤት ወለል ላይ ተንበርክካ፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ፣ የላይኛውን መሳቢያ ገፋችው።

ጮኸ።

መጮህ ብቻ አይደለም፤ ጅራቱን እንደተረገጠ ነገር አለቀሰ። ሁለተኛው መሃል መንገድ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። ሦስተኛው በአንድ ጎኑ ቀድሞ ገባ፣ በሌላው ጎኑ ዘግይቶ፣ መጨረሻ ላይ እንደ በር ተላተመ። መሳቢያዎቹ የሚንሸራተቱባቸውን ሐዲዶች ዘይት ቀባቻቸው፤ ዘይቱ አቧራ ሰብስቦ ይባስ አስጮኻቸው። ወለወለችው። ቪቴዎቹን አጠበቀች፤ ጩኸቱ ቀጠነ እንጂ አልጠፋም። እሷ ራሷ በየቀኑ የምትሸጠው ሐዲድ ነው! ትንንሽ የብረት ኳሶች በውስጡ የሚሽከረከሩበት፣ ውሃ ላይ እንዳለ ጀልባ መሄድ የሚገባው። ለስንቱ አናጢ «አንተ ነህ ያጣመምከው እንጂ ሐዲዱ ምን አጠፋ» ብላ መልሳለች! ነገ ከሰዓት በፊት ሐጃ ኢንሺራሕ፣ የሙሽራው የዋጊህ እናት፣ ቤት ሙሉ ሴት አስከትለው ይህችን ደረጃ ይወጣሉ። ከዚያ የኡስታው ልጅ በሚጮህ ሰጋቱራ ተዳረች ይባላል። ስድቡ እሷን አይደለም የሚያገኘው፤ እሷ ለራሷ ምላስ አላት። የሚያገኘው አንድ ቃል የማይመልሰውን ሰው ነው።

«በሩ ክፍት ነው ወይስ እሱም ገና አልተገጠመም?»

አባቷ ደፉ ላይ ቆሟል። በእጁ የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት ጠቅልሎ ይዟል። እጁ ሲንቀጠቀጥ ወረቀቱ ይንኮሻኮሻል።

«እናትሽ ናት የላከችኝ» አለ፤ ሳይጠየቅ።

«እናቴ ዛሬ እህቷ ዘንድ ራስ ኤል በር ሄዳለች።»

«እንግዲያው ዓሣው ነው የላከኝ። ብዪ ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ቁጭ አላለም። ኮመዲኖውን በሩቅ፣ ሰው የማይወደውን ዘመዱን እንደሚያይ አየው። ከዚያ በአንድ ጣቱ የላይኛውን መሳቢያ ገፋ አደረገው። ጩኸቱ ባዶው ክፍል ውስጥ ዞረ።

«ድመት ነው እንዴ የገዛሽው?»

«አባዬ፣ ዛሬ ተወኝ።»

«ድመትስ ሲርባት ነው የምትጮኸው። ይሄ ምን ሆንኩ ብሎ ነው?» ወለሉ ላይ የተዘረጋውን ወረቀት አነሣ። ቃል የሌለበት፣ ሥዕል ብቻ የሆነ የአገጣጠም መምሪያ ነው። ዓይኑን አጥብቦ አየ፣ ራቅ አድርጎ አየ፣ ከዚያ ድንገት ከሆዱ ሳቀ። ራውያ ይህን ሳቅ ሱቁ ከተዘጋ ወዲህ አልሰማችውም ነበር።

«እዪማ! እነዚህ ሰዎች አብደዋል። መጀመሪያ ሐዲዱን ቀጥ አድርገው፣ በክቡ ቀዳዳ በቪቴ ቸንክረው፣ ልክክ አድርገው ይሠሩታል። ሲጨርሱ ደግሞ ያላሉትና ያጣምሙታል! ሠርቶ ማበላሸትን በሥዕል የሚያስተምር ሕዝብ ዛሬ ገና አየሁ!»

እሷም ልትስቅ ነበር። ከጀርባው ጎንበስ ብላ ሥዕሉን አየች። በስተቀኝ ያለው ቀጥ ያለ ሐዲድ ነው፤ ክቡ ቀዳዳ ውስጥ ቪቴ ገብቶበታል። በስተግራ ያለው ዘመም ያለ ሐዲድ ነው፤ ሞላላው ቀዳዳ ውስጥ ቪቴ ላላ ብሎ፣ አንድ እጅ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሰዋል። እሷም እንደዚሁ ነበር ያደረገችው። ክቡን መጀመሪያ፣ ሞላላውን ኋላ። በየአንዳንዱ ሐዲድ፣ በግራም በቀኝም።

ጣቷን ከሥዕሉ ግራ ጫፍ ወደ ቀኝ ሳበች።

«አባዬ… እነዚህ ሰዎች እኮ ከግራ ነው የሚጀምሩት።»

«ምኑን?»

«ንባቡን። ፊደላቸው እንደ እኛ ዓረብኛ ከቀኝ ሳይሆን፣ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው።»

«እዚህ ላይ ፊደል የታለ?»

«ፊደልማ የለውም። መጀመሪያ ግን አለው። እኛ ከመጨረሻው ነው የጀመርነው!»

ኡስታ በድራን ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። አንዴ ወደ ሥዕሉ፣ አንዴ ወደ ልጁ አየ። «ቆይ፤ እኔ ደግሞ ምን አገባኝ፣ 'እኛ' የምትዪኝ?» አለ። ግን እያለ ካርቶን ገለበጠና ተቀመጠበት።

ቪቴዎቹን ሁሉ ፈታች። በዚህ ጊዜ ሞላላውን ቀዳዳ አስቀደመች፤ ሐዲዱ ትንሽ እንዲላወስ ላላ አድርጋ ያዘችው፣ መሳቢያውን አስገብታ አወጣች፣ አስገብታ አወጣች፤ ሐዲዱ በመሳቢያው መንገድ ራሱን እስኪያስተካክል ጠበቀችው። ልኩን ሲያገኝ ነው በክቡ ቀዳዳ የቸነከረችው። አባቷ ካርቶኑ ላይ ሆኖ አንድም ነገር አላሳለፈላትም።

«ካቻቢቴውን እንደ ማንኪያ አትያዢው። ሾርባ አይደለም የምታማስዪው።»

«ኡስታ፣ ዓሣህን ብላ።»

«ቪቴው ሲበቃው ይነግርሻል። ሲነግርሽ ስሚው፤ እንደ ኡም ሐሰነይን አትጨምሪበት።»

የላይኛው ሄደ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ እያንዳንዱ ሲገባ እሷ ትንፋሿን ትይዛለች። ለጩኸቱ ተዘጋጅቶ የቆየው ትከሻዋ ምንም ባልሰማ ቁጥር እንደገና ይደነግጣል። ከታች ያለው አንዱ ብቻ ሲሄድ ያንሾካሹካል። ጩኸት አይደለም። ሰው በሌላ ክፍል የሚያማት ዓይነት ድምፅ ነው። ሐዲዱን በጣቷ ዳሰሰች፣ አራገፈች፣ በብርሃን አየች። ምንም የለም።

«አታይውም» አለ አባቷ። «ዓይን ለዚህ አልተፈጠረም። ያንን እንጨት አቀብዪኝ።»

የዕቃው መደገፊያ ሆኖ የመጣ ቀጭን ቁራጭ እንጨት ነበር። ስትዘረጋለት ግን አልተቀበላትም፤ እጁ እንደማይይዝለት ያውቃል።

«አንዱን ጫፍ ኮመዲኖው ጎን ላይ አስደግፊ። አዎ። ሌላውን ጫፍ ንከሺው።»

«ልንከሰው?»

«ከዓሣው ጋር ብዪው አላልኩሽም። በጥርስሽ ያዢው። ጆሮሽን ድፈኚ። አሁን መሳቢያውን እኔ እገፋዋለሁ።»

ነከሰችው። ጆሮዎቿን በመዳፏ ደፈነች። ዓለም ሁሉ ጠፋ፤ የመንገዱ ጥሩምባ፣ የጎረቤቱ ሬዲዮ፣ ሁሉም። ከዚያ አባቷ በአንድ ጣቱ ገፋ፤ የኮመዲኖው ሆድ በጥርሷ በኩል ገብቶ የራስ ቅሏ ውስጥ ተናገረ።

ዝናብ ነበር። በሩቅ ጣሪያ ላይ የሚዘንብ ደቃቅ ዝናብ፤ ኳሶቹ በሐዲዱ ውስጥ ሲንከባለሉ ነው። ከዝናቡ በታች ደግሞ ዝቅ ያለ፣ ሰፊ፣ ወንዙ ከባሕሩ ጋር ሲገናኝ እንደሚሰማው ያለ ጉምጉምታ አለ፤ እሱ መሳቢያው ራሱ ሲጓዝ ነው። ዕድሜዋን በእንጨት መሃል ኖራለች፤ በሰጋቱራ ላይ ተኝታ፣ በመጋዝ ድምፅ ነቅታ። የእንጨትን ውስጥ ግን አንድም ቀን ሰምታው አታውቅም። ከዚያ በዝናቡ መሃል አንዲት ነገር፣ ጥፍር ግድግዳ ላይ እንደሚጭር፣ ጭር አለችና ጠፋች። እንጨቱን ወደ ኋላ ገፋ አደረገችው፤ ጭረቱ ደመቀ። ወደ ፊት መለሰችው፤ ራቀ።

«ከኋላ!» አለች እንጨቱን ተፍታ። «የኋለኛው ቪቴ! አናቱ ከፍ ብሏል!»

በእርግጥም፤ ዓይን የማይለየውን ያህል ከፍ ብሎ ነበር። አንዴ አዞረችው። አለቀ።

ቀና ስትል አባቷ ተንበርክኳል። እንጨቱን ራሱ አንሥቶ፣ ጫፉን በሁለት እጁ አፍኖ፣ ነክሶታል። ጉልበቱ በመሳቢያው ላይ ተደግፎ ቀስ ብሎ ይገፋዋል። በልጅነቷ በሱቁ መስኮት ሾልካ ስታየው እንዲህ ያለ ፊት ነበረው፤ ጽጌረዳ ከእንጨቱ ሊወጣ ሲል።

«እኔ 'ይሄ የሞተ እንጨት ነው' እል ነበር» አለ ሲጨርስ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ጥድም ሆነ ዝግባ፣ ስፈለፍለው አንድ ሆኖ ነው የሚናገረኝ። ሊሰነጠቅ ሲል ቀድሞ ይነግረኛል። ይሄ… ይሄ ብዙ ነው ራውያ። ስንት ዛፍ እንደተፈጨበት አላህ ይወቅ። ሁሉም እዚያ ውስጥ አሉ። ባንድነት ነው የሚናገሩት።»

ለማገዶ እንኳ የማይሆን ብሎ በልቡ ሲሰድበው በከረመው ሰሌዳ ላይ መዳፉን አሳረፈ። ቶሎ አላነሣውም።

ከዚያ የቀረውን እሱ ነው ያዘዘው፣ እሷ ናት የሠራችው። በየመሳቢያው ግንባር ከውስጥ በኩል የሱፍ ጨርቅ ቁራጭ አስለጠፋት፣ ሲዘጋ እንዳይላተም። ከፊተኞቹ እግሮች ሥር እንደ ወረቀት የሳሳ የእንጨት ልጣጭ አስገባች፤ ኮመዲኖው ወደ ግድግዳው በዓይን የማይታይ ያህል ጋደል አለ። ውሃ ልኩ ላይ ያለችው አረፋ ከመስመሯ ጥቂት ፈቀቅ ስትል «በቃ! እዚያ ጋ!» አለ።

«አሁን ግፊ። በአንድ ጣት። ሳይደርስ ልቀቂው።»

ገፋችውና ለቀቀችው። መሳቢያው ሄደ፤ መንገዱ ሊያልቅ ሲል የሚቆም መሰለ፤ አልቆመም። በራሱ፣ ሳይቸኩል፣ ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው ገባና ተዘጋ። ድምፅ አልነበረም።

«አንተ ሞክረው» አለችው።

«እጄ…»

«ሞክረው አባዬ።»

ጣቱ እየተንቀጠቀጠ ገፋው። ጣቱ ተንቀጠቀጠ፤ መሳቢያው ግን ቀጥ ብሎ ሄደ። ኡስታ በድራን ደጋግሞ ከፈተው፣ ደጋግሞ ገፋው። ልጁ እንዳታየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር።

በማግስቱ ደረጃው በእልልታ ተናጋ። ሐጃ ኢንሺራሕ ከፊት ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ጥቁር ሻሻቸውን ግንባራቸው ድረስ አጥብቀው ያሰሩ፣ የመጋዝ ቤት ባለቤት ሚስት ሆነው ያረጁ ሴት። ከኋላቸው ሴቶቹ፣ ከሴቶቹ ኋላ ኡም ሐሰነይን፣ ትንፋሿ ተቆርጦ፣ ዓይኗ ግን ቀድሟት ገብቶ። ኡስታ በድራን በሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። መጋረጃውን ማንም አላየም። አልጋውን ማንም አላየም። ሐጃ ወደ ኮመዲኖው ሄዱ።

የላይኛውን መሳቢያ ሳቡት። ወጣ። በሌባ ጣታቸው ነካ አድርገው ገፉትና ለቀቁት። ሄደ፣ ሄደ፣ ገባ። ሴቶቹ ጆሯቸውን አቆሙ፤ የሚሰማ አጡ። እልልታው ራሱ ቆመ። አንዷ «ሱብሓነላህ» አለች በሹክሹክታ፤ ያች ሹክሹክታ ከመሳቢያው ይልቅ ጮኸች። ሐጃ ሁለተኛውን ከፈቱ። ሦስተኛውን። ከታች ለማንሾካሾክ ይቃጣው የነበረውን ጎንበስ ብለው ከፈቱ። መዳፋቸውን ኮመዲኖው ላይ አሳርፈው ገፉት፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲከፍቱት እንባ አቅርሮ ነበር።

«ኡስታ በድራን» አሉ ቀና ብለው። «እጅዎ አላረጀም።»

ራውያ አባቷን አየችው። ዝም ቢል ብቻ ስሙ እንደነበረ ይመለሳል፤ ከተማው ሁሉ ኡስታው ለልጁ የመጨረሻ ሥራውን ሠራ ይላል። በዓይኗ «ዝም በል» አለችው።

«የእኔ እጅ አይደለም ሐጃ!» አለ፤ ጮክ ብሎ፣ ክፍሉ እስኪሞላ። «ከካርቶን የወጣ ሰጋቱራ ነው። የሠራችው ልጄ ናት። እኔ ዓሣ ነው ያመጣሁት!»

ሴቶቹ ተያዩ። ኡም ሐሰነይን አፏን ከፈተች፤ የሚጨመር ስላጣች መልሳ ዘጋችው። ሐጃ ኢንሺራሕ ግን መልስ አልሰጡም። ወደ እሱም አልዞሩም፤ ወደ መስኮቱ አልፈው ሄዱና መጋረጃውን ያዩ ጀመር። ኡስታ በድራን ደገመላቸው፤ አሁንም ዝም። ራውያ ያን ዝምታ ለብዙ ጊዜ እንደ እሾህ ይዛው ኖረች። «ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ፤ የሴት ልጅ ሥራ መሆኑን መቀበል ተናነቃቸው» ትላለች። ከአማቷ ጋር ተስማምታ፣ ልጆች ወልዳ፣ ሐጃን ራሳቸውን በአፈር እስክትሸኝም ድረስ ይህን ነገር ሙሉ በሙሉ ይቅር አላለቻቸውም።

የአርባው ቀን ካለፈ በኋላ ዋጊህ የእናቱን ቦርሳ ሲያራግፍ፣ ከመቁጠሪያቸውና ከመነጽራቸው ጋር አንዲት ጥፍር የምታህል የጆሮ መስሚያ ወጣች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ራውያ።

«የእማ ነዋ። ያለ እሱ ብዙም አትሰማም ነበር። ከሻሽዋ ሥር ነበር የምታደርገው፤ ማንም እንዲያውቅ አትፈልግም ነበር» አለ ዋጊህ። «ሠርግ ምናምን ሲሆን ግን እልልታው ጆሮዬን ይበሳዋል ብላ ታወጣዋለች። የእኛ ፈርሽ ቀንም ጠዋት አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር ያስቀመጠችው።»